አሥራ ሰባተኛው ጥያቄ ላይ ያለው ሳል

ሰውየው የጆሮ ማዳመጫውን ከራሱ ላይ መንጭቆ ጠረጴዛው ላይ ጣለውና በሩን በርግዶ ወጣ።

"ሲስተር፣ ይሄ የመናኸሪያው ሰውዬ አይደለም እንዴ?"

ነርሷ ኮሪደሩ ላይ፣ ከበሩ ጎን በርጩማ ይዛ ተቀምጣለች። ከጠዋት ጀምሮ ይህን ጥያቄ ስትሰማ አራተኛዋ ነው። ትዕግሥቷ ከሁለተኛው ሰው ጋር አብሮ ሄዷል፤ ለአራተኛው የተረፈው ፈገግታዋ ብቻ ነበር።

"ድምፁ ነው እንጂ ሰውየው የለም። የተቀዳ ነው" አለችው። "እርስዎ የሚመልሱትን አይሰማም።"

"እሱማ ገብቶኛል። ግን በየቀኑ 'ተሳፋሪዎች ወደ በር ሰባት' የሚለኝ ሰው ስለ እኔና ስለ ሚስቴ አልጋ ሲጠይቀኝ ሻንጣዬን ነው የምፈልገው።"

"ስንተኛው ጥያቄ ላይ ደረሱ?"

"ሦስተኛው ላይ።"

"ሠላሳ ሦስት ብቻ ነው የቀረዎት እኮ።"

"ይቅርብኝ ልጄ፤ አውቶብሱ ይለፈኝ" ብሎ ኮፍያውን ደፋና ወደ መድኃኒት ቤቱ መስኮት ሄደ። ነርሷ ደብተሯን ገልጣ "አቋረጠ" ብላ ጻፈች፤ ብዕሩን ስለተጫነችው ወረቀቱ ተቀደደ።

ከግድግዳው ወዲያ የካርድ ክፍሏ ሴትዮ ሳቋን ለቀቀችው። የሆስፒታሉ ግድግዳ ስስ ነው፤ የሴትዮዋ ጆሮ ደግሞ ግድግዳ ኖረም አልኖረም ያው ነው።

"እኔ እኮ ብዬሻለሁ፣ የባልሽ ድምፅ አይሆንም!"

"ምን አልሽ? 'እንደዚህ ያለ ድምፅ ቤትሽ ተቀምጦ ምን ያዞርሻል' ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም እንዴ?"

"እኔማ ለደህና ነገር መስሎኝ ነዋ።"

ነርሷ ወደ ክፍሉ ገብታ የተወረወረውን ማዳመጫ በአልኮል ጠራረገችው። ክፍሉ ቀድሞ የአልጋ አንሶላ ይቀመጥበት የነበረ ጠባብ መጋዘን ነው፤ እስከ ዛሬም ሳሙና ሳሙና ይሸታል። ጠረጴዛ፣ ወንበር፣ ማንም ሊወስደው ያልፈለገ የልብስ ቅርጫትና አንድ ታብሌት አለው። ታብሌቱ ላይ አረንጓዴና ቀይ ቁልፍ ይታያል፤ አረንጓዴው አዎ፣ ቀዩ አይደለም።

ነርሷ በዚህ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አሥራ አንድ ዓመት ሠርታለች፤ አሁን ደግሞ ሥራዋን ሳትለቅ ሁለተኛ ዲግሪዋን እየተማረች ነው። በእነዚያ ዓመታት አንድ ነገር አንጀቷን ሲያቃጥላት ኖሯል። በድባቴ ታሞ የመጣ ባለትዳር መድኃኒት ይጀምራል። በሁለት ወር ፊቱ ይፈታል፣ ወደ ሥራው ይመለሳል። ከዚያ ድንገት ድምጥማጡ ይጠፋል። ከአምስት ስድስት ወር በኋላ ወንድሞቹ ግራና ቀኝ ደግፈው ያመጡታል። "ለምን አቆምክ?" ሲባል "ረሳሁት" ይላል። ሰው አንድ ቀን ይረሳል፣ ሁለት ቀን ይረሳል፤ መቶ ቀን በተከታታይ የሚረሳ ፍጡር ግን የለም። አንዳንዱ መድኃኒት የወንዱን የወሲብ ፍላጎት ያደክመዋል፣ አልጋ ላይ ያሳፍረዋል። እሱም ይህን ለሐኪሙ ከሚናገር ኪኒኑን ሽንት ቤት ቢጨምረው ይቀለዋል። ነርሷን የሚያበግናት ደግሞ መላው ቅርብ መሆኑ ነው፤ መጠኑ ሊስተካከል፣ ዓይነቱም ሊቀየር ይችላል። ግን ማን ተናግሮ!

ስለዚህ ሠላሳ ስድስት ጥያቄ አዘጋጀች። የሥነ ምግባር ኮሚቴው "ወሲብ" በሚለው አንድ ቃል ላይ አራት ጊዜ ተሰበሰበ። አንዱ አባል ቃሉ ይለስልስ አለ፤ ሌላው ሳይንስ ነውና ይጥበቅ አለ፤ ሦስተኛው፣ ቃሉ ከነጭራሹ ወጥቶ ተጠያቂው በራሱ ይገባዋል የሚል ሐሳብ ይዞ ግማሽ ሰዓት ተናገረ። በአምስተኛው ወር እሷ መጀመሪያ የጻፈችውን ቃል መልሰው አጸደቁላት። እሷም ስለ ጠቃሚ አስተያየታቸው በደብዳቤ አመሰገነች፤ ደብዳቤውን ስትጽፍ ጥርሷን ነክሳ ነበር።

ከዚያ የድምፁ ጣጣ መጣ። ሰው ፊት ለፊት ሲጠየቅ እውነቱን ስለማይናገር ጥያቄዎቹ መቀዳት ነበረባቸው። ተጠያቂው ብቻውን ገብቶ፣ በሩ ተዘግቶ፣ በጆሮው እየሰማ በጣቱ ይመልሳል፤ ስም የለም፣ ቁጥር ብቻ። ነርሷ ውጭ ትቀመጣለች፤ ይህ የማይጣስ ደንቧ ነው። መጀመሪያ በራሷ ድምፅ ቀድታ በአሥር ሰዎች ላይ ሞከረችው። አሥሩም ከአንድ እስከ ሠላሳ ስድስት ቀይ በቀይ አድርገውላት ሄዱ። የወንድ ድምፅ ያስፈልግ ነበር፤ ጥርት ያለ፣ የማይቸኩል፣ የማይፈርድ። እንደዚህ ያለው ድምፅ ደግሞ እውነትም ቤቷ ነበር፤ ሳሎን፣ ሶፋ ላይ።

ባሏ መናኸሪያ ውስጥ አስተዋዋቂ ከሆነ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ከተማው "ማይኩ" ነው የሚለው። ከሁለት ዓመት በፊት ታላቅ ወንድሙ በሞተ በአራተኛው ወር፣ አንድ ጠዋት ማይኩን ከፍቶ ቁጭ አለና አንድም ቃል ሳይናገር አራት ሰዓት ቆየ። መናኸሪያው ሁሉ በድምፅ ማጉያው ትንፋሹን ብቻ ሲሰማ አረፈደ። አውቶብሶቹ ያለ ማስታወቂያ ወጡ፤ አውቶብስ ተሳስቶ ሌላ ከተማ የሄደም ሰው ነበር። እሷ ራሷ እጁን ይዛ ከዚያች የመስታወት ክፍል አወጣችው፤ ሌላ ሐኪም ጋ ወስዳም መድኃኒት አስጀመረችው። ዳነ። ከጥቂት ወራት በኋላ "ለጀርባዬ ይሻለኛል" ብሎ ሶፋ ላይ መተኛት ጀመረ። ነርሷ ጀርባ ምን እንደሆነ ታውቃለች። ሆኖም እንደ ነርስ ብትጠይቀው "እኔ በሽተኛሽ አይደለሁም" ይላታል፤ እንደ ሚስት ለመጠየቅ ደግሞ እሷም አፈረች። ሠላሳ ስድስት ጥያቄ ለማታውቃቸው ሰዎች አሰናድታ ለባሏ አንድ አጣች።

ባሏ ግን ጥያቄዎቹን በአንድ ቁጭታ አነበበላት። ስለ ፍላጎትም፣ ስለ እፍረትም፣ ስለ ሚስት ኩርፊያም የሚጠይቁትን ልክ እንደ አውቶብስ መነሻ ሰዓት ረጋ ብሎ ዘለቃቸው። አሥራ ሰባተኛው ላይ ብቻ አሳለ። "ድገመው" ብትለው "ተይው፣ ማን ያስተውለዋል" ብሎ ተነሳ።

ያስተዋለው የጥናቷ አማካሪ፣ ፕሮፌሰሩ ነው፤ ከሦስት ሳምንት በፊት አስደግሚው ብሏት ነበር። አሁንም ስልኳ የጠራው ማዳመጫውን እየጠረገች ሳለ ነበር።

"ውጤቱን አየሁት" አለ አማካሪዋ። ሰላምታ የሚባል ነገር አያውቅም። "አሥራ ሰባተኛዋን ምን ትያታለሽ?"

አሥራ ሰባተኛዋ የጥናቱ ልብ ናት። "በዚህ ምክንያት መድኃኒቱን ለማንም ሳይናገሩ አቁመው ያውቃሉ?" ነው የምትለው።

"ከዘጠና አራቱ ሠላሳ ዘጠኙ አዎ ብለዋል" አለች በኩራት።

"ችግሩ እሱ ነዋ። በፊት በተሠራው ጥናት ከመቶው ስምንቱ ሰው ብቻ ነው አዎ ያለው።"

"የዚያን ጊዜ የጠየቋቸው ሐኪሞቻቸው ናቸው፣ ፕሮፌሰር! የሰጠሁህን መድኃኒት ጣልከው ወይ ሲባል ማን ነው አዎ የሚለው?"

"ይሆናል። እኔ ግን ቅጂውን ደግሜ አዳመጥኩት። ሠላሳ አምስቱ ጥርት ያሉ ናቸው፤ እዚህች ላይ ሲደርስ ሰውየው ያስላል። ሳሉ ተጠያቂውን እየመራው ነው።"

"ሳል ሰውን ወዴት ይመራል?"

"እሱን አንቺ ለኮሚቴው አስረጂ። ዛሬውኑ እንደገና አስቀጂና ሰኞ ከአንድ ብለሽ ጀምሪ። አለበለዚያ ዘጠና አራቱን ጥለው፣ አንቺንም አብረው ነው የሚጥሉሽ።"

ዘጠና አራት ሰው ማለት፣ የኮሚቴውን አምስት ወር ጨምሮ፣ የሰባት ወር ልፋት ነው። ነርሷ ስልኩን ዘግታ ለአፍታ ዓይኗን ጨፈነች። ያናደዳት ፕሮፌሰሩ አልነበረም። ባሏን "ና፣ አንዷን ጥያቄ ድገምልኝ" ማለት ከጀመረች ሦስት ሳምንት ሆኗታል። አንድ ቀን ጉሮሮው ነው፣ አንድ ቀን አለቃው ነው፣ ትናንት ደግሞ በር አራት ላይ አውቶብስ ተበላሽቶ ነው፤ አውቶብስ ጠጋኝ ይመስል። ደወለችለት።

"ዛሬ በምሳ ሰዓት ትመጣለህ።"

"ዛሬ እንኳ አይመቸኝም..."

"ካልመጣህ እኔ እመጣለሁ። እዚያው ሕዝቡ ፊት በማይክህ ነው የማስነብብህ።"

በስልኩ ውስጥ የአውቶብስ ጥሩምባ ተሰማ።

"እመጣለሁ" አለ በመጨረሻ።

ዘጠና አምስተኛው ተጠያቂ ዳቦ ጋጋሪ ነበር። ሃምሳ ዓመት የዘለለው፣ ክንዱ እስከ ክርኑ ድረስ በምድጃ የተለበለበ፣ ሲቀመጥ ወንበሩን የሚያስጨንቅ ሰው ነው። ገብቶ በሩ ከተዘጋ በኋላ ሃያ አምስት ደቂቃ ቆየ። ነርሷ በጉጉት ሰዓቷን እያየች "ይሄኛውስ ሻንጣውን አልፈለገም" አለች በሆዷ። ሲወጣ ሊሰናበታት መስሏት ብድግ አለች፤ እሱ ግን ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ።

"አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ልጄ።"

"መልስዎን ከሆነ አይንገሩኝ። ደንቡ አይፈቅድም፤ ማወቅም የለብኝም።"

"ደንቡን ተይውና ስሚኝ። ይሄ የሚያነበው ማይኩ ነው አይደል?"

"ወይ አምላኬ!" አለች፤ አመለጣት። "አዎ፣ እሱ ነው። እና ምን ይሁን?"

"አትቆጪ። እኔ ለመናኸሪያው ምግብ ቤቶች ዳቦ አደርሳለሁ። በየማለዳው የሱን ድምፅ እየሰማሁ ሳራግፍ ስድስት ዓመቴ ነው። አንድ ቀን አስሎ አያውቅም።"

"ሰው አይደለም እንዴ፣ እንዴት አያስልም?"

"ያስላል እንጂ። ግን ማይኩን ዘግቶ ነው። ቀጭ ይላል፣ ዝም ይላል፣ ደግሞ ቀጭ ብሎ ይመለሳል። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው። እዚህ ግን የሆነች ጥያቄ ላይ ሲደርስ፣ መድኃኒት ስለማቆም የምትለዋ ላይ፣ አሳለ። እኔ ቀዩን ልጫን ጣቴን አስጠግቼ ነበር። ሳሉን ስሰማ፣ 'ይሄ ሰውዬ እኮ እንደኔው ነው፣ እሱም አቁሟል' አልኩ። አንድ ነገር ከላዬ ላይ ወረደልኝ። አረንጓዴውን ተጫንኩት።"

ዳቦ ጋጋሪው ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"አሁን ዶክተሩ ጋ ገብቼ ልነግረው ነው። ለሚስቴም ሳልነግራት አራት ወር ሆነኝ። ብቻዬን መስሎኝ ነበር እኮ። ለማይኩ፣ ካገኘሽው፣ አደራ ሰላም በይልኝ።"

"እላለሁ" አለች።

ሰውየው ሲሄድ በርጩማዋ ላይ ተመልሳ ተቀመጠች። ሳሉን ከመቶ ጊዜ በላይ ሰምታዋለች። ቅጂውን ስታስተካክል ሰምታዋለች፣ ስትፈትሽ ሰምታዋለች፣ በሳሉ ምክንያት ሰው ፊት ባሏን አምታዋለች። አንድ ዳቦ ጋጋሪ አንዴ ሰምቶ የገባው ነገር ለእሷ፣ ለአሥራ አንድ ዓመት ነርስ፣ ለአሥራ አራት ዓመት ሚስት፣ የድምፅ ጥራት ጉድለት ሆኖ ነበር የታያት።

ከዚያ ነገሮቹ እየተከታተሉ መጡባት። ባሏ ከሶፋው ተነስቶ ወደ አልጋቸው የተመለሰው ከሁለት ወር ተኩል በፊት ነው። እንዴት ያለ ደስታ ነበር! እንደ አዲስ ሙሽራ አድርጓቸው፣ ጠዋት ጠዋት ወጥ ቤት ውስጥ እየተጋፉ ሲስቁ፣ እሷም ጉዳዩ በራሱ ተፈታ ብላ ነበር። ደረጃ ሲወጣ "አዞረኝ" ሲላት ቁርስ ሳትበላ ወጥተህ ነው አለችው። ቁልፉን በአንድ ሳምንት ሦስት ጊዜ ሲጥል ሳቀችበት። ከትኬት ሻጩ ጋር አንገት ለአንገት ሲተናነቅ የትኬት ሻጩ ጥፋት ነው ብላ ፈረደች፤ ኪኒን በድንገት የሚያቆሙ ሰዎች እንዲህ እንደሚሆኑ እያወቀች። ኪኒኖቹን መቁጠር ያቆመችው እሱ ስለተቆጣት ነው፤ ላትቆጥራቸው ቃል ገብታለች፣ ቃሏንም ጠብቃለች። እንዴት ያለች ቃል አክባሪ!

መጀመሪያ የመጣባት ንዴት ነበር። ለታብሌት አስሎ ለእኔ አላሳለም ብላ ተናደደች። ቀጥሎ ያ የሁለት ወር ተኩል ደስታ ኪኒኑን በመተው የተገኘ መሆኑ ሲገባት አለቀሰች፤ ብዙም አይደለም፣ የካርድ ክፍሏ እንዳትሰማ አፏን ይዛ ነው። ከሁሉም የከፋው ፍርሃቱ ነበር። የዚያን ቀን ጠዋት ትንፋሹ በመናኸሪያው ሁሉ ላይ ሲሰማ የነበረው ትዝ አላት። ኪኒኑን ካቆሙ በኋላ ስንት ወር ይቆያሉ? አምስት፣ ስድስት። በደብተሯ ውስጥ ጽፋዋለች።

ባሏ በምሳ ሰዓት ቢጫ ሰደርያውን እንደለበሰ መጣ። የመጨረሻውን ደረጃ ሲወጣ የብረት መደገፊያውን ጨብጦ ለአፍታ ቆመ። ነርሷ አየችው፤ እንዳላየች ሆነች።

"ቶሎ በይ፣ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ የሚወጣ አለኝ።"

"አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ግባ።"

ልትነግረው፣ ልትጮህበት፣ ቃላቱን ሁሉ ስታዘጋጅ ቆይታለች። ፊቱን ስታየው ግን ታብሌቱን ከፍታ ወረቀቱን ሰጠችው። ምናልባት ዳቦ ጋጋሪው ተሳስቶ ይሆናል፣ ምናልባት ጥርት አድርጎ ያነበው ይሆናል ብላ ልትፈትነው ፈልጋ ነበር፤ በኋላ በዚህ አፈረች።

"አሥራ ሰባት" አለ፣ በዚያ ከተማው ሁሉ በሚያውቀው ድምፅ። "በዚህ ምክንያት መድኃኒቱን ለማንም..." አሳለ።

"ድገመው።"

"አሥራ ሰባት። በዚህ ምክንያት መድኃኒቱን ለማንም ሳይናገሩ..." አሳለ። "ይሄ ክፍል ሳሙና ይሸታል፤ እሱ ነው የያዘኝ።"

"ድገመው።"

በሦስተኛው ጊዜ አላሳለም። ወረቀቱን ይዞ ዝም አለ። ታብሌቱ ላይ የድምፁ መስመር ተጋድሞ ቀረ፤ ትንፋሹን ብቻ እየቀዳ ትንሽ ትንሽ ይነቃነቃል። ነርሷ ያንን ስታይ እጇን ዘርግታ መቅጃውን አጠፋችው።

"ተወው" አለች። "የድሮው ይሁን።"

"አይሆንም ብሎሻል አላልሽኝም እንዴ፣ ሰውየው?"

"ይበል!" አለች። ከሰባት ወር በኋላ መጮህ ደስ አላት። "ሳሉ ይቆያል። በሪፖርቱ ውስጥ ቁልጭ አድርጌ እጽፈዋለሁ። አሥራ ሰባተኛው ላይ አንባቢው አስሏል፣ ይህም መልሱን ሳይለውጠው አልቀረም ብዬ እጽፋለሁ። መጣል ከፈለጉ እኔን ይጣሉ፤ ሰዎቹን ግን አልጥልም።" እዚያው ቆማ በስልኳ ለፕሮፌሰሩ ይህንኑ በሁለት መስመር ጻፈችና ላከችው።

ባሏ ወረቀቱን አራት ቦታ አጠፈው።

"ስንት ሰው ነው አዎ ያለው?"

"ሠላሳ ዘጠኝ። ከዘጠና አራት።"

"ሠላሳ ዘጠኝ!" ጣቱን አገጩ ላይ አደረገ። "አንድ አውቶብስ ሊሞላ ምን ቀረው።"

"ምንም አልቀረው።"

"ለሐኪሞቻቸው አልተናገሩም?"

"አልተናገሩም። ለሚስቶቻቸውም።"

ይህን ስትል ድምፅዋ ትንሽ ተሰበረባት። እሱ ቀና ብሎ አያት፤ ወዲያው ዓይኑን ወደ ታብሌቱ መለሰ። ማዳመጫውን አንስቶ ገመዱን ይፈታታ ጀመር።

"እኔስ ብመልስ ይቆጠርልኛል?"

"አይቆጠርም። የጥናቱ ሠራተኛ ነህ።"

"ካልተቆጠረ ጥሩ ነው" አለና ማዳመጫውን አጠለቀው።

ነርሷ ከአሥራ ሰባተኛው ልትጀምርለት አሰበችና ተወችው፤ እንደማንም ሰው ከአንድ አስጀመረችው። ከዚያ ልማዷ ወደ በሩ ወሰዳት። ዘጠና አምስት ጊዜ ወጥታ ዘግታዋለች፤ ሰው ማንም ሳያየው ነው እውነቱን የሚመልሰው ብላ ኮሚቴ ፊት ተሟግታበታለች። እጀታውን ይዛ ቆመች። በሩን ከውስጥ ዘጋችው። በርጩማዋ ውጭ ስለነበር የልብስ ቅርጫቱን ገልብጣ፣ ታብሌቱ በማይታይበት በኩል፣ ጎኑ ተቀመጠችበት።

ባሏ የገዛ ድምፁን እየሰማ ይመልሳል። ጣቱ አንዴ ወደ ቀኝ ይሄዳል፣ አንዴ ወደ ግራ። እሷ ግድግዳውን ታያለች። ድምፁ ከማዳመጫው ውስጥ እንደ ሩቅ ሬዲዮ ቀጥኖ ይወጣል፤ ቃላቱ አይለዩም። ስንተኛው ላይ እንደደረሰ አታውቅም ነበር፣ ሳሉ እስኪሰማ ድረስ።

ጣቱ ቆመ። ማዳመጫውን ከአንድ ጆሮው ላይ ገለል አደረገ።

"አዎ" አለ በአፉ።

"ቁልፉን ነው የሚጫኑት" ልትለው ነበር፤ ሁለት ወር የለመደ አፏ። ዋጠችው።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከሶፋው ልነሳ ሦስት ሳምንት ሲቀረኝ።" ቆየት አለና ጨመረ፦ "ደስ ብሎሽ ነበር እኮ። እንዴት ልንገርሽ።"

ሊነገር የሚገባው ብዙ ነገር ነበር። መጠን ስለማስተካከል፣ ዓይነት ስለመቀየር፣ ሐኪሙ ነገ ጠዋት ስለመኖሩ፤ ሁሉንም ታውቀዋለች፣ ሁሉንም ትነግረዋለች። ስልኳ ጠረጴዛው ላይ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ፕሮፌሰሩ ነው። ገለበጠችው። በሩ ተንኳኳ።

"አንቺ" አለች የካርድ ክፍሏ ሴትዮ ከውጭ። "ዘጠና ስድስተኛው ሰውዬ መጥቷል። ላስገባው?"

"ውስጥ ሰው አለ" አለች ነርሷ። "ይጠብቅ።"

ቅርጫቷንም ወደ ባሏ ጠጋ አደረገችው።